የደንብ ልብስ፣ ጾታ እና የአባቶች ሚዛን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በሲሪንቃ አካባቢ ከተደረገ አንድ ጉባኤ በኋላ አንዲት እናት ወደ ጎን ጠርተው አነጋገሩኝ። ሴት ልጃቸው የትምህርት ቤቱን ቀሚስ አልለብስም ብላለች፤ ውስጧ ወንድ እንደ ሆነ ትናገራለች። የክፍል ጓደኞቿ ቅጽል ስም አውጥተው ስለሚያሳድዷት ትምህርቷን አቋርጣ ቤት ውላለች። እናቲቱ ዕንባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ፦ «ዲያቆን፣ ልጄ ተረግማ ይሆን?» አሉኝ።

ትራንስጀንደር ተብለው የሚጠሩ፣ ማለትም በተወለዱበት ጾታ ራሳቸውን የማይገልጹ ተማሪዎች ጉዳይ በሌላው ዓለም በግልጽ የሚነገር ሆኗል። የጃፓን ትምህርት ሚኒስቴር በ2015 እ.ኤ.አ. ለትምህርት ቤቶች ባስተላለፈው መመሪያ የደንብ ልብስን ጨምሮ ለእነዚህ ተማሪዎች ጥንቃቄ እንዲደረግ አሳስቧል። በእኛ ዘንድ ግን ጥያቄው የሚነሣው በሹክሹክታ ነው። ስለዚህ አባቶቻችን ያስተማሩትን በቅደም ተከተል እንመልከት።

ሕጉ የሚጠብቀው ምንድን ነው?

ኦሪት ወንድ የሴትን፣ ሴትም የወንድን ልብስ እንዳይለብሱ ትከለክላለች (ዘዳ. 22፥5)። የትእዛዙ መሠረት ሰው ወንድና ሴት ሆኖ መፈጠሩ ነው (ዘፍ. 1፥27)። ጾታ ከፈጣሪ የተቀበልነው ስጦታ እንጂ በምርጫችን የምንለውጠው እንዳልሆነ ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሰበሰበው የጋንግራ ጉባኤም ምናኔን ምክንያት አድርጋ የወንድ ልብስ የምትለብስን ሴት አውግዟል።

ይሁን እንጂ የልብሱ ቅርጽ ከሀገር ሀገር ይለያያል። በእኛ በወሎ ቆላ ገበሬው ሽርጥ ያገለድማል፤ በሌላ ሀገር ሰው ዐይን ግን ይህ የሴት ልብስ ሊመስል ይችላል። ካህናትና ዲያቆናት ቀሚስ እንለብሳለን፤ ነጠላን ወንዱም ሴቱም ይለብሱታል። እንግዲህ ሕጉ የሚጠብቀው የተፈጥሮን ክብር ነው እንጂ የጨርቁን ስፌት አይደለም። ሱሪ የምትለብስ ተማሪ ሁሉ ሕግ አፈረሰች አይባልም። የትምህርት ቤት የደንብ ልብስም ሰዎች ለሥርዓት ብለው ያወጡት ስለሆነ ተመካክረው ሊያሻሽሉት ይችላሉ።

እናታችን ቅድስት መሪና

ነሐሴ 15 ቀን በስንክሳር የምትታሰበው ቅድስት መሪና ከአባቷ ጋር ለመመንኮስ ስትል ጠጉሯን ተላጭታ፣ የወንድ ልብስ ለብሳ ወደ ወንዶች ገዳም ገባች። ከጊዜ በኋላ አንዲት ልጃገረድ ከእርሱ ፀነስሁ ብላ በሐሰት ከሰሰቻት። መሪና ራሷን አልተከላከለችም፤ ከገዳም ተባርራ ያልወለደችውን ሕፃን በደጅ አሳደገች። ሴት መሆኗ የታወቀው ባረፈች ጊዜ ነበር፤ የፈረዱባት መነኮሳትም አለቀሱ። የንጉሥ ዘይኑን ልጅ ቅድስት ኢላርያም (ጥር 21) እንዲሁ በወንድ ልብስ መንናለች።

እነዚህ ቅዱሳት ይህን ያደረጉት ስለ ምናኔ እንጂ ጾታቸውን ለመካድ አልነበረም፤ ስለዚህ ታሪካቸውን ለሌላ ዓላማ ማስረጃ ማድረግ ተገቢ አይደለም። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን ልብስን ብቻ አይታ እንደማትፈርድ ያሳያሉ። በመሪና ታሪክ የተወቀሱትም ውጫዊውን አይተው የቸኮሉት ናቸው።

ልጁን ከደጅ አናባርር

ስልብ ወደ እግዚአብሔር ጉባኤ እንዳይገባ ኦሪት ከልክላ ነበር (ዘዳ. 23፥1)። ነቢዩ ኢሳይያስ ግን ለጃንደረቦች በእግዚአብሔር ቤት ስምና ስፍራ እንደሚሰጣቸው ተናገረ (ኢሳ. 56፥3-5)። ይህም በኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ጥምቀት ሲፈጸም እናያለን (ሐዋ. 8፥26-40)። የሀገራችን የክርስትና ታሪክ የሚጀምረው ሕጉ በውጭ ካቆመው ሰው መሆኑን ልብ ልንል ይገባል።

ስለዚህ ወላጅ ከሁሉ አስቀድሞ ልጁን ያዳምጥ፤ ከንስሐ አባቱም ጋር ይማከር። በተፈጥሮ የጾታ አካላቸው በግልጽ ሳይለይ የሚወለዱ ሕፃናትም ስላሉ ሐኪም ማማከር ነውር አይደለም። ወደ ጠበል መሄድ በረከት ነው፤ ልጅን አስሮ ወይም ገርፎ መውሰድ ግን ከጠበሉ ጸጋ ጋር አይስማማም። መምህራንም ተማሪን ከሚያሳድዱ ልጆች ሊጠብቁ ይገባል። የሀገራችን ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነጻ እንዲሆኑ ደንግጓል፤ መምህሩ በቸልታ የሚያልፈው የጓደኞች ስድብና ድብደባም ከዚያ የሚያንስ ጭካኔ አይደለም። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆቻችንም በሰው ላይ የሚያወጡት ቅጽል ስም ኃጢአት መሆኑን ይወቁ፤ ጌታ ወንድሙን የሚሰድብ ፍርድ እንደሚያገኘው አስተምሯልና (ማቴ. 5፥22)።

ለእኒያ እናት «አልተረገመችም» ብዬ መለስሁላቸው። ከዚያም አብረን ወደ ርእሰ መምህሩ ሄድን፤ ለጊዜው በስፖርት ቱታ ክፍል እንድትገባ ተፈቀደላት። ይህ ጥያቄዋን ሁሉ አይመልስም፤ የእኛም ትምህርት በአንድ ቀን የሚያልቅ አይደለም። ነገር ግን ከትምህርት ገበታ የራቀች ልጅ ከምክርም ትርቃለች። ከሰንበት ትምህርት ቤት በስድብ የተባረረ ልጅም የአባቶችን ትምህርት የሚሰማበት ስፍራ አይኖረውም። እውነትን የምናስተምረው በደጃችን ለቆመ ልጅ ነውና አስቀድመን በሩን እንክፈትለት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር።