የመጥረቢያው እጀታ

መጥረቢያ ዛፉን የሚጥለው እጀታው ከዛፉ ወገን በመሆኑ ነው ይላሉ አባቶቻችን። የዘብ ዓይን ወደ ሜዳው ነው፤ መዝጊያውን ከውስጥ የሚከፍተውን እጅስ ማን ያየዋል? ይህን ጥያቄ ያነሣነው በካምፓላ የደረሰውን በማሰብ ነው።

በመስከረም ወር 2017 ዓ.ም. ኡጋንዳ ለዓለም ባንክና ለአፍሪካ ልማት ፈንድ ልትከፍል የነበረው ከ14 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ በማዕከላዊው ባንክ በኩል አልፎ ባልታዘዘላቸው የውጭ አገር ሒሳቦች ገባ። ኅዳር 19 ቀን የገንዘብ ሚኒስትር ዴኤታው ሄንሪ ሙሳሲዚ ሒሳቡ በኮምፒዩተር ሰርጎ ገቦች መደፈሩን ለፓርላማው አረጋገጡ። ሌባው በባሕር ማዶ ሲፈለግ ሰነበተ። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን በፀረ ሙስና ፍርድ ቤት የቀረቡት የዚያው የገንዘብ ሚኒስቴር ባልደረቦች ነበሩ። በደለኛነትን መወሰን የፍርድ ቤቱ ድርሻ ነው፤ እኛ ልብ የምንለው የምርመራው ዓይን ከውጭ ወደ ውስጥ መዞሩን ነው።

ለመሆኑ የውስጡ እጅ በምን ይታወቃል? ኮምፒዩተር በማን የይለፍ ቃል፣ መቼ ተገብቶ፣ ምን እንደ ተነካ ይመዘግባል። በእኩለ ሌሊት የተከፈተ ሰነድ፣ ከሥራ ድርሻ በላይ የተቀዳ መዝገብ፣ ወደ ግል አድራሻ የተላከ ደብዳቤ ሁሉ ምልክት ነው። በሠራተኞች የኤሌክትሮኒክ መልእክት ውስጥ ቁጣንና ምሬትን የሚለይ መሣሪያም ተሠርቷል።

ሆኖም ሒሳቡን እናስላ። በ1000 ሰው መካከል አንድ ከዳተኛ ቢኖር፣ መሣሪያውም ከ100 ንጹሓን 5ቱን በስሕተት ቢጠረጥር፣ በአንዱ ሰበብ 50 ያህል ንጹሓን ይጠረጠራሉ። ደመወዝ የዘገየበት፣ ልጅ የታመመበት ወታደር ያማርራል፤ ያማረረ ሁሉ ግን ከዳተኛ አይደለም። ስለዚህ ምልክት የምርመራ መነሻ እንጂ ፍርድ ሊሆን አይገባውም። የሚመረመረውም የሰው ምሬት ሳይሆን የተፈጸመው ድርጊት ነው።

ወታደር ሆይ! የይለፍ ቃልህ እንደ ጠመንጃህ ነው፤ ለወንድምም አይዋስም። ሌላው ሲያጠፋበት መዝገቡ የሚጠራው ያንተን ስም ነው።

እናንተም እኅቶቻችን፣ የባለቤታችሁን ዕዳና ጭንቀት ከማንም አስቀድማችሁ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ዕዳ የከበደውን ሰው ጠላት በቀላሉ ይገዛዋል። ጭንቀቱን በጊዜ ለአዛዡ እንዲያማክር ምከሩት፤ በጊዜ የተነገረ ችግር መፍትሔ አያጣም። በር ከውስጥ የሚጠበቀው በመጠራጠር ብቻ ሳይሆን በመደጋገፍም ጭምር ነው።