የበረራ ሰዓት እንዴት ይቆጠራል? የአውሮፕላን ዓይነት በአብራሪ መዝገብ ውስጥ ያለው ቦታ

በደሴ ከተማ ከሆጤ ተነስቶ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ለሚወርድ የመንግሥት ሠራተኛ፣ የአዲስ አበባ በረራ የአንድ ሰዓት ገደማ ጉዞ ነው። ይኸው አንድ ሰዓት በአብራሪዎቹ የበረራ መዝገብ ላይ ሲሰፍር ግን በአንድ ዓምድ ብቻ አይወሰንም። የአውሮፕላኑ ዓይነትና የምዝገባ መለያ፣ መነሻና መድረሻው፣ አብራሪው በምን ኃላፊነት እንደበረረ፣ በረራው ቀን ወይም ሌሊት መሆኑ፣ እንዲሁም በመሣሪያ ንባብ ብቻ የተበረረ ጊዜ ካለ እርሱም ለየብቻው ይመዘገባል። የአብራሪነት ፈቃድ የሚጠይቀው ልምድ የሚረጋገጠው በእነዚህ ዓምዶች በመሆኑ፣ መዝገቡ ከግል ማስታወሻነት ያለፈ ሰነድ ነው።

የበረራ ሰዓት ሲባል አውሮፕላኑ በአየር ላይ የቆየበት ጊዜ ብቻ የሚመስላቸው ጥቂቶች አይደሉም። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት (ኢካኦ) ትርጓሜ መሠረት ቆጠራው የሚጀምረው አውሮፕላኑ ለመብረር ከቆመበት መንቀሳቀስ ሲጀምር ሲሆን፣ የሚያበቃውም በረራውን ጨርሶ ሙሉ በሙሉ ሲቆም ነው። በመሆኑም በቦሌ ለመነሳት ተራ ሲጠበቅ ያለፈው ደቂቃ ጭምር ይቆጠራል። ሰዓቱም በአየር መንገዶች ዘንድ በአብዛኛው የሚጻፈው በዓለም አቀፉ የተቀናጀ የሰዓት አቆጣጠር ስለሆነ፣ መንገደኛው ከጠዋቱ 2 ሰዓት የሚለው መነሻ በአብራሪው መዝገብ 05፡00 ተብሎ ይሰፍራል።

አውሮፕላኖች ለፈቃድ አሰጣጥ ሲባል በምድብና በዓይነት ይለያሉ። እንደ ሴስና 172 ያሉ ባለ አንድ ሞተር አነስተኛ የማሠልጠኛ አውሮፕላኖች በምድብ የሚታዩ ሲሆን፣ ቢያንስ ሁለት አብራሪዎች እንዲኖሩት ተደርጎ የተመሰከረለት አውሮፕላን ግን ለዚያው ዓይነት ብቻ የሚያገለግል የተለየ የብቃት ማረጋገጫ ይጠይቃል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአገር ውስጥ መስመሮቹ የሚያሰማራው ባለ ሁለት ሞተር ኪው 400 ከዚህ ጎራ ይመደባል። አየር መንገዱ እ.ኤ.አ. በ2010 ይህንን አውሮፕላን በፎከር 50 ምትክ መረከብ ሲጀምር፣ በፎከር ሺህ ሰዓታት የበረረ ካፒቴን እንኳ ለአዲሱ ዓይነት መሠልጠን ነበረበት። የፎከሩ ሰዓት በጠቅላላ ድምሩ ውስጥ ይቆያል፤ በኪው 400 ዓምድ ግን ከዜሮ ይጀምራል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ በጠቅላላ የአገልግሎት ዘመንና አግባብነት ባለው የሥራ ልምድ መካከል የሚያደርገው ልዩነት ከዚህ ብዙም አይርቅም።

የበለጠ ክርክር የሚያስነሳው የኃላፊነት ዓምድ ነው። ብቻውን ወይም በአሠልጣኝ ሥር የበረረ ተማሪ፣ እንዲሁም በዋና አብራሪነት የበረረ ሰው ሰዓቱ በሙሉ ይታሰብለታል። ረዳት አብራሪም ሁለት አብራሪ በሚያስፈልገው አውሮፕላን ላይ ሲሠራ ለጠቅላላ ድምሩ ሙሉውን ያገኛል። አውሮፕላኑ በአንድ አብራሪ ሊበር የሚችል ሆኖ ሳለ አገሪቱ ረዳት እንዲኖር ካዘዘች ግን ለከፍተኛ ፈቃድ የሚያዝለት ከግማሽ ሊበልጥ አይችልም። በካፒቴን ክትትል ሥር የዋና አብራሪነትን ሥራ የሠራበት ጊዜ ደግሞ የራሱ ዓምድ አለው።

በኢካኦ አባሪ 1 የተቀመጠው ዝቅተኛ መስፈርት ለንግድ አብራሪነት ፈቃድ 200 ሰዓት፣ በጸደቀ የተቀናጀ ሥልጠና ከሆነ 150 ሰዓት ነው። ከዚህም ውስጥ ሠልጣኙ በዋና አብራሪነት ቢያንስ 540 ኪሎ ሜትር የሚሸፍን አንድ አገር አቋራጭ በረራ ማድረግ ይጠበቅበታል። አዲስ አበባና ኮምቦልቻ በቀጥታ መስመር 250 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚራራቁ ደርሶ መልሱ እንኳ ለዚህ አይበቃም። ለአየር መንገድ አብራሪነት ፈቃድ ደግሞ 1 ሺህ 500 ሰዓት የሚጠየቅ ሲሆን፣ 100ው የሌሊት በረራ መሆን አለበት። በምስለ በረራ ተሠልጥኖ ሊያዝ የሚችለው ከ100 ሰዓት አይበልጥም።

ድምሩ ብቻውን ስለ ብቃት ምን ያህል እንደሚናገር ግን አጠያያቂ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ ቡፋሎ ከተማ አቅራቢያ ተከስክሶ 50 ሰዎች የሞቱበት የኮልጋን ኤር አውሮፕላን ኪው 400 ነበር። ካፒቴኑ በድምሩ 3 ሺህ 379 ሰዓት ቢኖረውም በዚያ ዓይነት አውሮፕላን የበረረው 111 ሰዓት ብቻ እንደነበር የምርመራ ሪፖርቱ ያሳያል። ከአደጋው በኋላ አሜሪካ ረዳት አብራሪዎችም በመሠረቱ 1 ሺህ 500 ሰዓት እንዲያሟሉ ያዘዘች ሲሆን፣ የአደጋው ሁለት አብራሪዎች ግን ከዚህ በላይ የበረሩ ነበሩ። ሕጉ የለካው ጉድለቱ ያልነበረበትን ዓምድ ነው ለማለት ይቻላል።

ይኸው ክርክር መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም 157 ሰዎች ሕይወታቸውን ካጡበት የበረራ ቁጥር 302 አደጋ በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሷል። የመጀመሪያ ደረጃ ሪፖርቱ ካፒቴኑ 8 ሺህ 122፣ ረዳቱ ደግሞ 361 ሰዓት እንደነበራቸው ያመለከተ ሲሆን፣ በውጭ አገር አንዳንድ ወገኖች ይህንኑ 361 ነጥለው አንስተዋል። ከ8 ሺህ በላይ ሰዓት የነበረው ካፒቴንም ቢሆን በቦይንግ 737-8 ማክስ የበረረው 103 ሰዓት ነበር፤ አውሮፕላኑ ገና አዲስ ነበርና። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ይፋ የሆነው የኢትዮጵያ የአደጋ ምርመራ የመጨረሻ ሪፖርት፣ ከተሳሳተ የማዕዘን መለኪያ መረጃ ተነስቶ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች ይደፍቅ የነበረውን የበረራ መቆጣጠሪያ ሥርዓት በምክንያትነት አስቀምጧል።

ከሰዓት ቁጥር ሌላ የቅርብ ጊዜ ልምድም ይታያል። በኢካኦ ደንብ መሠረት አንድ አብራሪ ባለፉት 90 ቀናት ውስጥ በዚያው ዓይነት አውሮፕላን፣ ወይም ለዚሁ በተፈቀደ ምስለ በረራ፣ ቢያንስ ሦስት ጊዜ መነሳትና ማረፍ ይኖርበታል። ይህ ያልተሟላለት ካፒቴን 10 ሺህ ሰዓት ቢኖረው እንኳ የኮምቦልቻን መንገደኞች ይዞ እንዲነሳ አይመደብም።