እህል ከሰማይ ሲወርድ፦ የጭነት አውሮፕላን አቅምና ወሰን

ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ቢሾፍቱ የኢትዮጵያ አየር ኃይል መናኸሪያ ናት። ስሟ ሲነሳ ብዙዎች የሚያስታውሱት ተዋጊ ጄቶችን ነው። ነገር ግን መኪና ወደማይደርስበት ግንባር ወታደርና ስንቅ የሚያደርሰው፣ ቁስለኛ የሚያነሳው የትራንስፖርት ክፍሉ ነው። ይኸው ሙያ በድርቅ ጊዜ ለገበሬውም ተርፏል።

የሥራው ዋና ፈተና ነዳጅ ነው። አውሮፕላን ይዞት ሊነሳ የሚችለው ክብደት የተወሰነ ነው። ርቀቱ በጨመረ ቁጥር ነዳጁ ይበዛል፤ ነዳጁ በበዛ መጠን ጭነቱ ይቀንሳል። በደጋማ ቦታ ደግሞ አየሩ ስስ በመሆኑ የመነሳት አቅሙ ይበልጥ ይዳከማል።

ሩቅ ደሴቶችን የሚጠብቁ አገሮች ለዚህ ያገኙት መፍትሔ በሰማይ ላይ ነዳጅ የሚያቀብሉ አውሮፕላኖችን ማሰማራት ነው። መፍትሔው ግን ውድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 በፎክላንድ ደሴቶች ጦርነት ብሪታንያ አንድ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ልካ ለመመለስ አሥር ያህል ነዳጅ አቀባይ አውሮፕላኖች አስፈልገዋታል።

ኢትዮጵያ እንዲህ ያለ የባሕር ደሴት የላትም። ሆኖም ገደል የከበበው፣ በክረምት ወንዝ ሞልቶ መንገዱ የሚቆረጥበት የደጋ ቀበሌ ከደሴት አይለይም። ይህን ቀድመው ከተረዱት አንዱ ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታቭ ቮን ሮዘን ናቸው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ አየር ኃይሉን መልሶ በማቋቋም ለዓመታት አገልግለዋል። እ.ኤ.አ. በ1974 በረሃቡ ወቅት ተመልሰው በመምጣት፣ ከትናንሽ አውሮፕላኖች የእህል ከረጢት ወደ ተራራማ መንደሮች ጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1977 በኦጋዴን ጦርነት ጎዴ ላይ ተገደሉ።

በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ደግሞ የብሪታንያና የምዕራብ ጀርመን ወታደራዊ የጭነት አውሮፕላኖች ሥራውን በሰፊው አከናወኑ። አሠራሩ ቀላል ይመስላል። እህሉ በድርብ ጆንያ ይሞላል፤ መሬት ሲመታ የውስጡ ቢቀደድ የውጪው እህሉን ይይዛል። አብራሪው ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ጭነቱ ያለ ጃንጥላ ይወርዳል። ስለዚህ ሜዳው አስቀድሞ ከሰውና ከከብት ነፃ መሆን አለበት፤ ከዚያ ከፍታ የሚወድቅ ጆንያ ይገድላልና።

ወሰኑን ለማየት ስሌቱ በቂ ነው። ሲ-130 ሄርኩለስ የተባለው አውሮፕላን ቢበዛ 200 ኩንታል ገደማ ይጭናል። ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ቢታሰብ፣ ጭነቱ 1 ሺህ 300 ለሚሆኑ ሰዎች ለአንድ ወር ይበቃል። በአንጻሩ አንድ ባለ ተሳቢ ከባድ መኪና 400 ኩንታል ያጓጉዛል፤ ወጪውም እጅግ ያነሰ ነው።

ከዚህ የምንረዳው አውሮፕላን የመንገድ ምትክ አለመሆኑን ነው። የሚያተርፈው መንገዱ እስኪከፈት ያለውን ጊዜ ነው፤ ለተራበ ሕፃን ግን ያ ጊዜ ሕይወት ነው። ስለሆነም ክረምቱ መንገዱን ሳይዘጋ እህሉን በቅርብ መጋዘን ማከማቸትና የቀበሌውን መንገድ መጠገን ይቀድማል። አውሮፕላኑ የሚጠራው ይህ ሳይሆን ሲቀር፣ ወይም ተፈጥሮና ጦርነት ሲቀድሙ ነው።