ያውቁ ኖሯል? አስፋልት የሚታፈስባት ደሴት

ካሪቢያን ሲባል ነጭ አሸዋ፣ ሰማያዊ ባሕርና የኮኮናት ዛፍ ዓይናችን ላይ ድቅን ይላል። የዛሬዋ ደሴታችን ትሪኒዳድ ግን ሀብቷም ጉዷም ያለው ከመሬት በታች ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ያውቁ ኖሯል? ትሪኒዳድ ከደቡብ አሜሪካ ተቆርሳ የቀረች መሬት ናት። ብዙዎቹ ጎረቤቶቿ በእሳተ ገሞራ ወይም በኮራል የተሠሩ ሲሆኑ፣ እሷን ከቬኔዝዌላ የለያት የበረዶ ዘመን ሲያበቃ ከፍ ያለው ባሕር ነው። ዛሬም በጠባቡ በኩል በመካከላቸው ያለው ውኃ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የሰሜኑ የተራራ ሰንሰለቷም የቬኔዝዌላ ተራሮች ቅጥያ ነው። ትልቁ ጫፍ ኤል ሴሮ ዴል አሪፖ 940 ሜትር ይደርሳል። በእኛ ሚዛን ጫፉ ላይ ቢወጡም ገና ቆላ ነዎት።

እንስሳቱም የአህጉር እንስሳት ናቸው። ጫካውን በጩኸት የሚያናውጥ ጦጣ፣ ጉንዳን በል፣ ኦሴሎት የሚባል ዝንጉርጉር የዱር ድመት፤ የሌሎቹ ትናንሽ ደሴቶች ሰዎች እነዚህን የሚያውቋቸው በሥዕል ነው። ዘራቸው በእግሩ ገብቶ ባሕሩ በኋላ መንገዱን ዘጋበት።

የደቡቡና የምሥራቁ ባሕር የሚደፈርሰው ለምን ይመስልዎታል? ታላቁ የኦሪኖኮ ወንዝ ቬኔዝዌላን አቋርጦ ደለሉን የሚደፋው እዚያው አፍንጫዋ ሥር ስለሆነ ነው። ኮራል ጥርት ያለ ውኃ ይወዳልና ለጠላቂ ቱሪስት አይመችም። ዳሩ ግን ወንዞች ባለፉት ሚሊዮኖች ዓመታት የከመሩት ያ ደለል ባይኖር ኖሮ፣ ከዚህ በታች የምናወራው ነዳጅ ሁሉ ባልኖረ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጉድ እንግባ። በደቡብ ምዕራብ፣ ላ ብሬያ አጠገብ፣ በውኃ ፋንታ አስፋልት የሞላው ሐይቅ አለ። ስፋቱ 40 ሄክታር ያህል፣ የመሃሉ ጥልቀት 76 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በዓለም ትልቁ የተፈጥሮ አስፋልት ክምችት ነው። ድፍድፍ ነዳጅ በከርሰ ምድር ስንጥቅ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቀላል ቀላሉ ይተንና ከባዱ ከሸክላና ከውኃ ጋር ተላቁጦ ይቀራል። ፊቱ እንደ ዝሆን ቆዳ የተጨማደደ ነው። በላዩ መሄድ ይቻላል፤ አንድ ቦታ ቆመው ወሬ ከጀመሩ ግን ጫማዎ ቀስ እያለ መስመጡ አይቀርም። በእጥፋቶቹ መካከል ዝናብ ያቆረው ውኃ ውስጥ ትናንሽ ዓሦች ይዋኛሉ። ድኝ ስላለው ለቆዳ ፍቱን ነው የሚሉ ደግሞ እንደ ጠበል ሊነከሩበት ይመጣሉ። ዛሬ የተቆፈረው ጉድጓድ ከቀናት በኋላ ራሱን ይሞላል፤ የተዋጠ ግንድም ከዓመታት በኋላ ብቅ ሊል ይችላል።

ለዓለም መንገድ አስፋልት የምትልከው የላ ብሬያ የራሷ መንገድ ግን ወጣ ገባ ነው። ከሥር ያለው ቅጥራን ስለሚንቀሳቀስ ቤቱም ዘመም፣ መንገዱም ጎበጥ ይላል።

እንግሊዛዊው ሰር ዋልተር ራሊ በ1595 እዚህ ደርሶ መርከቦቹን በዚሁ ቅጥራን አስለቅልቋል። ዋሽንግተን ዲሲ ያላችሁ ወገኖች ደግሞ ይህችን ስሙ፦ ፔንሲልቬንያ አቬኑ በ1876 አስፋልት መልበስ ሲጀምር፣ ገሚሱ የተነጠፈው ከዚህ ሐይቅ በተጫነ አስፋልት ነበር።

ያውቁ ኖሯል? በሐይቁ አቅራቢያ የነዳጅ ጉድጓድ የተቆፈረው በ1857 ነው። አሜሪካኖች የዘመናዊ ነዳጅ መጀመሪያ የሚሉት የፔንሲልቬንያው ጉድጓድ ሁለት ዓመት ይዘገያል። ታሪክ ግን ጎልቶ የሚጻፈው ለሸጠ ነውና፣ ትሪኒዳድ ለገበያ ማምረት የጀመረችው በ1908 ነው።

ዛሬ ዋናው ሀብት የተፈጥሮ ጋዝ ነው። ፖይንት ፎርቲን ላይ እየቀዘቀዘ ወደ ፈሳሽነት የተለወጠው ጋዝ ከ1999 ጀምሮ በመርከብ ይላካል። ከጋዙ የሚሠሩት አሞኒያና ሜታኖልም ይህችን ትንሽ አገር ከዓለም ትላልቅ ላኪዎች ተርታ አሰልፈዋታል። የቤቷ መብራት እንኳ ከሞላ ጎደል የሚመነጨው ከጋዝ ነው። ትልቁ የነዳጅ ማጣሪያዋ ግን በ2018 ተዘግቷል።

የጭቃ እሳተ ገሞራም አላት። ጋዝ ከታች ሲገፋ የሚወጣው ቀልጦ የነደደ ዓለት ሳይሆን ጭቃ ነው። ብዙ ጊዜ እንደሚንተከተክ ሹሮ ቡልቅ ቡልቅ ይላል፤ በየካቲት 1997 ግን ፒፓሮ በምትባል መንደር ድንገት ፈንድቶ ቤቶችንና መንገድን ቀብሯል። ከደቡቡ ጠረፍ ወጣ ብሎ ደግሞ ከባሕር ውስጥ የሚወጣው ጭቃ ደሴት ይሠራል፤ በ1911፣ በ1964 እና በ2001 ታይቷል። ካርታ ሠሪ ሥሎ ሳይጨርስ ማዕበል አጥቦ ይወስደዋል።

የዘይት ነገር ከተነሣ፣ የዘይት ወፍ የሚባልም አለ። ቀን ዋሻ ውስጥ ተደብቆ ይውላል፤ በጨለማ የሚበርረው እንደ ሌሊት ወፍ የራሱን ድምፅ ማሚቶ እየሰማ ነው። ጫጩቶቹ ከወላጆቻቸው በላይ ስለሚወፍሩ፣ የቀድሞ ሰዎች ስባቸውን አቅልጠው ለመብራትና ለምግብ ይጠቀሙበት ነበር።

በካሮኒ ረግረግ አመሻሽ ላይ ወደ ማደሪያው የሚመለሰው ደም የመሰለ ቀይ ኢቢስ ቀለሙን የሚያገኘው ከሚበላው ሸርጣንና ሽሪምፕ ነው።

አውሎ ነፋስስ? ትሪኒዳድ ከዋናው መንገዱ ወደ ደቡብ ስለምትገኝ አብዛኛውን ጊዜ ያልፋታል። እህት ደሴቷ ቶቤጎ ግን በ1963 ፍሎራ በተባለው አውሎ ነፋስ ክፉኛ ተመትታለች።

ያቺው ቶቤጎ ሌላ ወግ አላት። የመሃል ተራራዋ ደን በሚያዝያ 1776 በሕግ ተከልሏል፤ አሜሪካ ነፃነቷን ከማወጇ ሦስት ወር ገደማ ቀደም ብሎ መሆኑ ነው። በዓለም ላይ በሕግ ከተጠበቁ ደኖች ቀዳሚ ከሚባሉት አንዱ ነው። ሕግ አውጪዎቹ ያሰቡት ግን ለወፉም ለዛፉም አልነበረም፤ ዛፉ ካለቀ ዝናቡ ይቀራል፣ ዝናቡ ከቀረ የሸንኮራ አገዳው ይደርቃል ብለው ነው።