ሆድ ቁርጠቱ ቅዳሜ ለምን ይጠፋል?

ልጁን ከእሑድ ማታ ጀምሮ ሆዱን ይቆርጠዋል። ሰኞ ጠዋት ያስመልሰዋል፣ እጁ ይቀዘቅዛል፣ ልቡ በኃይል ይመታል። ጤና ጣቢያ ተወስዶ ሰገራውና ደሙ ሲመረመር «ምንም የለበትም» ይባላል። አራት ሰዓት ገደማ፣ ከትምህርት ቤት መቅረቱ ሲረጋገጥ፣ ሕመሙ ይለቀዋል፤ ቅዳሜማ ኳስ ሲያሳድድ ይውላል። ያኔ ቤተሰቡ ልጁ እየዋሸ ነው ብሎ ይደመድማል።

ልጁ አይዋሽም። ጭንቀት ሲበረታ ሰውነት የእውነት አደጋ እንደመጣበት ሁሉ ይነሣል፤ አድሬናሊን ይረጫል፣ ሆድ ይታወካል፣ ትንፋሽ ያጥራል። የሚያስፈራው ነገር ሲርቅ ሕመሙ መጥፋቱም የጭንቀት ጠባይ ነው። እርግጥ ሌላ በሽታ አለመኖሩን በቅድሚያ ሐኪም ማየት አለበት።

ይህን መቅረት ከመፎረፍ ለይቶ ማየት የተጀመረው ቀደም ብሎ ነው። የሚፎርፍ ተማሪ ወላጅ ሳያውቅ ሌላ ቦታ ይውላል። በ1932 እ.ኤ.አ. ብሮድዊን የተባለ አሜሪካዊ የገለጻቸው ልጆች ግን የሚውሉት ቤታቸው ነበር፤ ለምን እንደቀሩ ሲጠየቁ አንዳንዶቹ መልስ አልነበራቸውም። በ1941 የአእምሮ ሐኪሟ አደሌድ ጆንሰንና ባልደረቦቿ «የትምህርት ቤት ፍርሃት» የሚል ስም አወጡለት፤ ምንጩንም እናትና ልጅ መለያየት ከመቸገራቸው ጋር አያያዙት። ከዚያ ወዲህ ለረጅም ጊዜ እናቶች ሲወቀሱ ኖረዋል፤ ያለ አግባብ ይመስለኛል። የሥነ ልቦና ባለሙያዎቹ ክሪስቶፈር ኪርኒና ዌንዲ ሲልቨርማን በ1990 ጥያቄውን ራሱን ለወጡት። መቅረቱ ለልጁ ምን ያደርግለታል? ከሚያስጨንቀው ነገር ያሸሸዋል? ከፈተናና ከሰው ዓይን ይሰውረዋል? ከወላጁ ጋር ያውለዋል? ወይስ ከትምህርት ቤት ውጪ የሚስበው ነገር አለ? መፍትሔውም እንደ መልሱ ይለያያል።

ጃፓን ውስጥ ነገሩ የመንግሥት ጉዳይ ከሆነ ቆይቷል። ከበሽታና ከገንዘብ ችግር ውጪ በሆነ ምክንያት በዓመት 30 ቀንና ከዚያ በላይ የሚቀር ተማሪ «ፉቶኮ» ይባላል። የትምህርት ሚኒስቴሩ በ1992 ይህ በማንኛውም ልጅ ላይ ሊደርስ እንደሚችል ተቀበለ። የ2016ቱ ሕግ ደግሞ ልጁ እረፍት እንደሚያስፈልገውና ከመደበኛው ትምህርት ቤት ውጪም ሊማር እንደሚችል ዕውቅና ሰጠ። ያም ሆኖ በ2023 የትምህርት ዘመን በአንደኛና በመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ የእነዚህ ልጆች ቁጥር ከ346 ሺህ አለፈ። ማስገደድን መተው ተገቢ ነበር፤ ለብቻው ግን አልበቃም።

ፍርሃቱን የሚያፋፋው እፎይታው ነውና። ልጁ «ዛሬ ቅር» ሲባል ጭንቀቱ ወዲያው ይወርዳል፤ አእምሮውም ያዳነው መቅረቱ እንደሆነ ይማራል። ማክሰኞ ከሰኞ ይከብዳል። በዚያ ላይ ያመለጠው የሒሳብ ምዕራፍ፣ «የት ጠፍተህ ነው?» የሚል ጓደኛና የክፍል ኃላፊው ጥያቄ ይደራረባሉ። ሳምንት የቀረ ልጅ ሲመለስ የሚገጥመው ትምህርት ቤት መጀመሪያ ከፈራው የባሰ ነው።

ጠቃሚ ሆኖ የተገኘው መንገድ በጥቂት በጥቂቱ መመለስ ነው። አንድ ቀን ዩኒፎርም ለብሶ እስከ በሩ ደርሶ መመለስ፣ ሌላ ቀን ቤተ መጻሕፍት አንድ ክፍለ ጊዜ መቀመጥ፣ ከዚያ የሚወደውን ትምህርት ብቻ መከታተል። በየደረጃው ጭንቀቱ ይነሣል፤ ልጁ ሳይሸሽ ሲቆይ ግን በራሱ ይበርዳል፤ እሱም ይህን በገዛ ሰውነቱ ያየዋል። የሥነ ልቦና ባለሙያ ካለ ይህን ከልጁ ጋር ያቅዳል። ቤት የዋለበት ቀንም የስልክና የፊልም ቀን መሆን የለበትም፤ በሰዓቱ ይነሣ፣ ደብተሩን ይክፈት። ጸበል የሚወስዱ ቤተሰቦችም ይህን ጎን ለጎን ማስኬድ ይችላሉ።

ግን ልጁ የሚፈራው የሚደበድበውን መምህር ወይም በር ላይ የሚጠብቀውን ጉልበተኛ ከሆነ፣ ያ ሳይቆም መልሶ መላክ ጭካኔ ነው። በእኛ አገር የቀረ ተማሪ የሚጠብቀው «ወላጅ አምጣ» ነው፤ ያረፈደው ደግሞ በር ይዘጋበታል። በሰው ፊት መቆምን ለሚፈራ ልጅ ይህ ቅጣት ፍርሃቱን የሚያረጋግጥለት ማስረጃ ነው። ርዕሰ መምህሩ ለአንድ ተማሪ ለሁለት ሳምንት ይህን ቢያነሣለት ደንብ አይፈርስም።

አሜሪካ የሚኖሩ የአገራችን ወላጆች ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባቸው። ያለፈቃድ የቀረበት ቀን ሲበዛ ማስጠንቀቂያ ይመጣል፤ በአንዳንድ ስቴቶች ፍርድ ቤት እስከመቅረብም ይደርሳል። ብዙ ወላጅ ደብዳቤውን ሲያይ ይደነግጥና ልጁን ይቆጣል። ሕጉ ግን ለእነሱም መብት ሰጥቷቸዋል። የ1973ቱ የመልሶ ማቋቋም ሕግ አንቀጽ 504 መማርን ክፉኛ የሚያውክ ጭንቀት ያለበትን ተማሪ ይሸፍናል፤ ወላጅ ትምህርት ቤቱ ልጁን እንዲገመግምና ማመቻቻ እንዲያደርግለት በጽሑፍ መጠየቅ ይችላል። በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት ደግሞ የመንግሥት ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ለማይችል ወላጅ በነፃ አስተርጓሚ ማቅረብ አለበት። ራሱ ልጁ አስተርጓሚ መሆን የለበትም፤ ስለ ጭንቀቱ የሚወራውን እየተረጎመ እናቱ ስታለቅስ ማየት ሌላ ሸክም ነው። ስብሰባው ላይ የሚጠየቀው ደግሞ ቁርጥ ያለ ነገር ይሁን፦ ጠዋት በር ላይ የሚቀበለው ማን ነው፣ ክፍል ውስጥ ሲጨንቀው ለማን ነግሮ የት ይሄዳል፣ ካመለጠው የቤት ሥራ የትኛው ይቀርለታል።