የማስጠንቀቂያ ድምፅ ሲሰማ፦ ወደ ውስጥ ወይስ ወደ ውጭ?



የሚሳይል «አዝዓካ» ሲሰማ ምን ማድረግ እንዳለብን ሁላችንም ለምደናል። ወደ ማማድ ወይም ወደ ሚክላት እንገባለን፣ በሩንም እንዘጋለን። የመሬት መንቀጥቀጥ ማስጠንቀቂያ ግን ሌላ ነገር ይጠይቃል። ሁለቱን ማምታታት ለሕይወት ያሰጋል።

እስራኤል የምትገኘው በዮርዳኖስ ሸለቆና በሙት ባሕር በኩል በሚያልፍ ትልቅ የመሬት ስንጥቅ አጠገብ ነው። በ1927 እ.ኤ.አ. የደረሰው መንቀጥቀጥ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎችን ገድሏል። ቀጣዩ መቼ እንደሚመጣ አስቀድሞ መናገር አይቻልም። ሆኖም ከ2022 ጀምሮ «ትሩዓ» የተባለ የማስጠንቀቂያ ዘዴ ይሠራል። መሣሪያዎቹ የመጀመሪያውን ንዝረት እንደያዙ ማስጠንቀቂያ ይተላለፋል። የምናገኘው ጊዜ ግን ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው።

ማስጠንቀቂያው ሲሰማ ወይም ቤቱ ሲንቀጠቀጥ፦

1. በጥቂት ሰከንድ መውጣት ከቻላችሁ ወደ ሜዳ ውጡ። ከሕንፃና ከኤሌክትሪክ ምሰሶ ራቁ።
2. መውጣት ካልቻላችሁ ማማድ ግቡ፤ በሩን ግን ክፍት ተዉት። ቤቱ ከተጣመመ በሩ አልከፈት ሊል ይችላል።
3. ማማድ ከሌለ ወደ ሕንፃው ደረጃ ውጡ፤ ከተቻለም ወደ ታች ወርዳችሁ ከሕንፃው ውጡ። በአሳንሰር አትጠቀሙ።
4. ይህም ካልሆነ ከጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ግቡ፣ ወይም የውስጥ ግድግዳ ተጠግታችሁ መሬት ተቀመጡ። ራሳችሁን በእጃችሁ ሸፍኑ።

በብዙ ቤተሰብ የስልኩን መልእክት አንብበው የሚተረጉሙት ልጆች ናቸው። ጠዋት ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሆኑ ግን አያት ብቻቸውን ቤት ይቀራሉ። ስለዚህ ዕብራይስጥ የማያነቡ ወላጆች «ሬዒዳት አዳማ» የሚሉትን ሁለት ቃላት በጆሯቸው ይልመዱ፤ ትርጉማቸው የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። ልጆችም ቃላቱን ደጋግመው ያሰሟቸው፣ መውጫውንም አብረዋቸው ሄደው ያሳዩአቸው።

ከአደጋ በኋላ መብራትና ስልክ ሊቋረጥ ስለሚችል፣ በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ ቤት ውስጥ ይኑር። የሬካን የአማርኛ ዝግጅት የምታዳምጡበትን ጣቢያ አሁኑኑ አስተካክላችሁ አስቀምጡ። የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ለጥቂት ቀን የሚበቃውን፣ ከመድኃኒቶቹ ስም ዝርዝር ጋር፣ በአንድ ቦርሳ ያዘጋጅ። ለፒኩድ ሃዖሬፍ መረጃ 104፣ ለአምቡላንስ 101 ይደወላል።

ስለዚህ ጉዳይ በሬዲዮ ወይም በቴሌቪዥን ስትሰሙ ዝም ብላችሁ አትለፉት። ቡና ሲፈላ አንሡት፣ ማን አያትን እንደሚደግፍ፣ ማን ሕፃኑን እንደሚይዝ ተነጋገሩ። የተነጋገረ ቤተሰብ በዚያች ሰዓት አይደናገርም።