የእሳት አደጋ መኪና በማን ገንዘብ ይመጣል?

«እሳት ቢነሳ መንግሥት አለ» ይላል የዮቪል ሐበሻ። የትኛው መንግሥት? የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት እሳት ማጥፋትን የሰጠው ለማዘጋጃ ቤት ነው። ሕዝብ ለብቻው ድምፅ አይሰጥበትም፤ በጀቱን የሚያጸድቀው የከተማው ምክር ቤት ነው። ከገቢው ምንጮች አንዱ የንብረት ግብር ሲሆን፣ አከራዮቻችን ኪራይ ላይ ጨምረው ከእኛው ይወስዱታል።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 31 ቀን 2023 ማርሻልታውን የሚገኘው የኡሲንዲሶ ሕንፃ ሲቃጠል 76 ሰዎች ሞቱ። ሕንፃው የማዘጋጃ ቤቱ የራሱ ንብረት ነበር! መሐንዲስ ነኝና መኪና መግዛት ብቻ ይበቃል አልልም፤ የተቆለፈ በር መኪናው ሳይደርስ ይገድላል። ለሕንፃ ፍተሻም ገንዘብ ይመደብ።

«ዜጋ አይደለሁም፣ ምን አገባኝ?» የሚል አይጠፋም። ያገባዋል እንጂ! ጁላይ 1 የሚጀምረው በጀት ረቂቁ በየዓመቱ ለአስተያየት ይቀርባል፤ ሕጉ የሚጋብዘውም ነዋሪውን ሁሉ እንጂ መራጩን ብቻ አይደለም።